መድፍ የተሸከመችው የመንገደኛ መርከብ፦ የቦርዴን አገልግሎት በናይል ላይ

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ክቡራትና ክቡራን፤

የዛሬው ንግግሬ ስለ አንዲት መርከብ ነው። ስሟ ቦርዴን ይባላል። በግራና በቀኝ ጎኗ የሚሽከረከሩ መቅዘፊያ ጎማዎች የነበሯት፣ በማገዶ እንጨት የምትሄድ፣ በሰላም ጊዜ እህልና ሰው፣ ደብዳቤና ሹመኛ የምታመላልስ የናይል የእንፋሎት መርከብ ነበረች። በ1884 ካርቱም በመሐዲ፣ ማለትም በግብፅ አገዛዝ ላይ በተነሳው የሱዳን ሃይማኖታዊ መሪ፣ ሠራዊት በተከበበች ጊዜ ግን መድፍ ተተከለባት፣ ዙሪያዋ በብረትና በግንድ ታጠረ፣ እንዲህ ሆና ወደ ጦርነት ገባች። በነገራችን ላይ ዛሬ የምጠቅሳቸው ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ካርቱም ከበባና ከተማዋን ይከላከል ስለ ነበረው እንግሊዛዊ ጄኔራል ጎርደን ሞት ብዙ ተጽፏል፤ ክርክሩም ዘወትር በሰዎች ላይ ነው፤ ማን ዘገየ፣ ማን ፈራ፣ ማን ከዳ የሚል። እኔ ደግሞ ነገሩን ከመርከቧ ወለል ላይ ሆኜ ለማየት እሞክራለሁ። ከዚያ ሲታይ የቦርዴንን ዕጣ የወሰኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ የወንዙ ውሃ ልክ፣ የማገዶ እንጨት፣ መንገዱን የሚያውቀው ሬይስ፣ ማለትም መርከቧን የሚመራው ሰው። ከሦስቱ ደግሞ የመጀመሪያው ከእኛው ደጋ የሚነሳ ነው። ከናይል ውሃ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚመነጨው ከኢትዮጵያ ተራሮች ነው፤ አብዛኛውም የሚወርደው በክረምት በመሆኑ፣ ካርቱም ላይ ወንዙ በነሐሴና በመስከረም ሞልቶ በታኅሣሥና በጥር ይጎድላል። ይህ የታወቀ ነገር ቢሆንም በዚያ ጦርነት ታሪክ ውስጥ ተገቢውን ቦታ አግኝቷል ብዬ አላምንም።

እነዚህ መርከቦች ካርቱም እንዴት እንደ ደረሱ ብናይ ጉዳዩ ከመነሻው ግልጽ ይሆናል። የግብፁ ገዥ ኸዲቭ ኢስማኢል ግዛቱን እስከ ናይል ምንጭ ለማስፋት በተነሳበት ዘመን፣ በ1869 እንግሊዛዊውን ሳሙኤል ቤከርን የዘመቻው መሪ አድርጎ ሾመው። በዕቅዱ መሠረት ከ40 እስከ 80 የፈረስ ጉልበት ያላቸው 6 የእንፋሎት መርከቦች ከካይሮ በሰኔ ተነስተው፣ ሙላቱን ተከትለው ካታራክት የሚባሉትን ድንጋያማ የወንዙን ክፍሎች አልፈው ካርቱም መግባት ነበረባቸው። ቢሮክራሲው ግን አዘገያቸው፤ የተነሱት በኦገስት መጨረሻ ስለ ነበር ሁለተኛው ካታራክት ሲደርሱ ውሃው መሸሽ ጀምሯል። መርከቦቹ ተመለሱ፤ ቤከርም አንድ ዓመት ሙሉ ባከነብኝ ሲል አማረረ። በናይል ላይ የሁለት ወር መዘግየት ዋጋው አንድ ዓመት ነው። ይህ ሂሳብ ከ15 ዓመት በኋላ ሲደገም ዋጋው ከተማ ሆነ።

መርከቦቹ ካታራክቱን የሚሻገሩት በራሳቸው ጉልበት ብቻ አልነበረም። በሁለቱም ዳርቻ የተሰለፉ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ወፍራም ገመድ ይዘው ይጎትቷቸዋል፤ ሬይሱም የትኛው ዐለት በየትኛው ወር ስንት ክንድ ውሃ ውስጥ እንደሚሰወር በቃሉ ያውቃል። አንዴ ካርቱም ከገቡ በኋላ መመለስ ብርቅ ነው። ስለዚህ በሱዳን የነበረው የግብፅ መንግሥት መርከቦቹን እዚያው የሚጠግንበት ፋብሪካና የመርከብ ማቆሚያ በካርቱም አቋቋመ፤ ግብፃውያንና ሱዳናውያን አንጥረኞች፣ አናጢዎችና የእንፋሎት ሞተር ሠራተኞችም እዚያ ሠለጠኑ። እነዚህን ሰዎች አስታውሱልኝ፤ ስማቸው በመጻሕፍት እምብዛም ባይገኝም የታሪኩ ግማሽ በእጃቸው የተሠራ ነው።

ቻርልስ ጎርደን መርከቦቹን በደንብ ያውቃቸው ነበር። በ1874 የኢኳቶሪያ፣ ማለትም የደቡብ ሱዳን ክፍለ ሀገር፣ ገዥ ሆኖ ሲሄድ የተጓዘው በእነሱ ነው፤ ከ1877 ጀምሮም የመላው ሱዳን አስተዳዳሪ ሆኖ አዟቸዋል። ለኛ አገር ሰው ስሙ እንግዳ አይደለም፤ በ1879 ደብረ ታቦር ድረስ መጥቶ ከዐፄ ዮሐንስ ጋር ተነጋግሯል፤ ንግግሩ ፍሬ አላፈራም እንጂ። ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1884 ወደ ካርቱም የተመለሰው የግብፅን ጦርና ሹማምንት እንዲያስወጣ ተልኮ ነበር። በማርች ከተማዋ ተከበበች፤ በሜይ ደግሞ ከካርቱም በታች ያለችው በርበር በመሐዲ ሠራዊት እጅ ወደቀችና የመውጫው መንገድ ተዘጋ። በዚያው ዓመት በጁን አድዋ ላይ በእንግሊዝ፣ በግብፅና በኢትዮጵያ መካከል በተፈረመው የሂወት ስምምነት፣ ለኢትዮጵያ ድንበር ቅርብ የሆኑት የግብፅ ጦር ሰፈሮች በዐፄ ዮሐንስ ግዛት በኩል እንዲወጡ ተወሰነ። የገላባት ጦር በዚህ መንገድ ነው የዳነው። ለካርቱም ግን ከወንዙ በቀር በር አልነበራትም፤ ለወንዙም ከነዚህ አሮጌ መርከቦች በቀር ቁልፍ አልነበረውም።

እንግዲህ የመንገደኛ መርከብ እንዴት የጦር መርከብ ይሆናል? የእንግሊዝ መኮንኖች በኋላ የጻፏቸው መግለጫዎች ስላሉ ቦርዴንን በቅርብ ማየት እንችላለን። ስፋቷና ቁመቷ በቴምዝ ወንዝ ላይ በአንድ ሳንቲም ሰው ከሚያመላልሱት ጀልባዎች የማይበልጥ ነበር፤ ጎርደን ራሱ በዚሁ ስም ይጠራቸው ነበር። በአፍንጫዋ በኩል ከወፍራም ግንዶች የተሠራ ትንሽ ምሽግ ቆመ፤ በውስጡም 9 ፓውንድ የሚመዝን፣ ማለትም ወደ 4 ኪሎ የሚጠጋ ጥይት የሚተኩስ አጭር የነሐስ መድፍ ፊት ለፊት ተደቀነ። በመሐል ወገቧ፣ በሁለቱ ጎማዎች መካከል፣ ሁለተኛ የግንድ ምሽግ ከፍ ብሎ ተሠራና ሌላው መድፍ በጎማዎቹ ሽፋን ላይ አሻግሮ እንዲተኩስ ሆነ። ከኋላ፣ በክፍሎቹ ጣሪያ ላይ፣ መሪውን የሚይዘው ሰውና ጠመንጃ ያዦች የሚጠለሉባት በቦይለር ብረት የተከለለች ጠባብ ቦታ አለች። ጎንና ጎኗን የጠመንጃ ጥይት የሚመልስ ብረት ተሰቀለላት።

ከሁሉም ይልቅ የሚያሳስበው ቦይለሩ ነበር። ለሰላማዊ ጉዞ የተሠራ በመሆኑ ከወለሉ በላይ ብቅ ያለ ነው፤ ስለዚህ ዙሪያውን በግንድ ለበጡት። ግንድ የጠመንጃ ጥይት ያቆማል፤ የመድፍ ጥይት ግን አያቆምም። በጦር መርከብ ላይ ቦይለር ከውሃ ልክ በታች የሚቀበረው በዚህ ምክንያት ነው። ጎርደን የነበሩትን መርከቦች እንዳሉ ይዞ ሠራ እንጂ ቦይለራቸውን ዝቅ የሚያደርግበት መንገድ አልነበረውም።

በኋላ በቦርዴን የተጓዘው እንግሊዛዊው መኮንን ሰር ቻርልስ ዊልሰን የመርከቧን ውስጥ አይቶ ትዝብቱን በግልጽ ጽፏል። የጥይት ሣጥንና የማሽላ ጆንያ፣ የተዘረፈ ዕቃና የወታደሮቹ ጓዝ ተደበላልቆ ተከምሯል፤ ከወታደሮቹ ጋር የሚጓዙት ሴቶች ከባሩዱ ጥቂት ክንድ ርቀት ላይ እሳት አንድደው የማሽላ ቂጣ ይጋግራሉ። ለእንግሊዛዊው መኮንን ይህ ሥርዓት አልባነት ነው። እኔ ሳነበው ግን ወራት ሙሉ የሰዎች መኖሪያ የሆነች መርከብ ናት የታየችኝ፤ በእሷ ላይ የሚዋጋው ሰው በእሷ ላይ ይበላል፣ በእሷ ላይ ይተኛል።

በ1884 ክረምት ወንዙ ሲሞላ መርከቦቹ የካርቱም ትልቁ ጉልበት ሆኑ። ውሃው ከፍ ስላለ በጥቁር ዓባይ ሽቅብ ርቀው መሄድ፣ ወደ ዳርቻው ተጠግተው የጠላትን ምሽግ መምታትና እህል ጭነው መመለስ ቻሉ። በጁላይና በኦገስት የጎርደን ምርጥ አዛዥ የነበረው መሐመድ ዓሊ ፓሻ በመርከቦቹ እየተደገፈ ተደጋጋሚ ድል አገኘ፤ ለተራበችውም ከተማ እህል አስገባ። በሴፕቴምበር መጀመሪያ ግን ከወንዙ ርቆ በየብስ ሲከታተል ኡም ዱባን አካባቢ ተከቦ ከብዙ ወታደሮቹ ጋር ተገደለ። መርከቦቹ የሚረዱት መድፋቸው እስከሚደርስበት ድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው በረሃ የመሐዲ ነበር።

ከዚህ ሽንፈት በኋላ ጎርደን ሙላቱ ሳያልፍ ዜናውን ወደ ውጭ ለማውጣት ወሰነ። ሴፕቴምበር 10 ቀን ምክትሉ ኮሎኔል ስቱዋርት፣ ጋዜጠኛው ፓወርና የፈረንሳዩ ቆንስል ኤርቤን አባስ በምትባል ትንሽ መርከብ ተሳፈሩ። ሳፊያና መንሱራ የሚባሉት ሁለት መርከቦች በርበርን እስክታልፍ አጅበዋት ተመለሱ። አባስ ብቻዋን ቁልቁል ስትሄድ ሴፕቴምበር 18 ቀን ሄበህ አጠገብ ከዐለት ጋር ተጋጨች፤ ተሳፋሪዎቹም ወደ ዳርቻ ወጥተው ግመል ሲፈልጉ በእንግድነት የተቀበሏቸው ሰዎች ገደሏቸው።

በሴፕቴምበር መጨረሻ ጎርደን ታላሃዊያን፣ ሳፊያንና መንሱራን፣ ይመጣል የተባለውን የእንግሊዝ ረዳት ጦር እንዲጠብቁ ወደ መተማ ላከ። እዚህ ላይ አንድ ማስገንዘቢያ ያስፈልጋል። ይህች መተማ በናይል ዳር ከሸንዲ ፊት ለፊት ያለችው የሱዳን ከተማ ናት እንጂ በ1889 ዐፄ ዮሐንስ የወደቁባት የእኛዋ መተማ አይደለችም። ሁለቱም በአንድ ዘመን የአንዱ ጦርነት ስፍራዎች ስለ ሆኑ በአማርኛ ጽሑፎች ሲምታቱ አይቻለሁ።

ከዚያ በኋላ የቦርዴን ዋና ሥራ በካርቱምና በመተማ መካከል መመላለስ ሆነ። ዳርቻው ሁሉ በመሐዲ ጠመንጃ ያዦችና መድፎች የተያዘ በመሆኑ እያንዳንዱ ጉዞ ውጊያ ነበር። ኖቬምበር 3 ቀን መልእክት ይዛ ካርቱም ስትገባ፣ በጊዜው ገና የስለላ መኮንን የነበረው ኪችነር የላከው ዕቃ የተጠቀለለው በአሮጌ ጋዜጣ ነበር። ጎርደን ከፌብሩዋሪ ወዲህ የዓለምን ወሬ አልሰማም፤ ሊጣል የነበረውን መጠቅለያ ወረቀት እንደ ወርቅ ቆጥሮ አነበበው፤ ስለሚመጣለት ረዳት ጦርም ብዙውን ዜና ያገኘው ከዚያ ነው። ከሳምንት ጥቂት አለፍ ብሎ፣ ኖቬምበር 12 ቀን፣ ሁሴይኒያ የምትባለው መርከብ ኦምዱርማን ፊት ለፊት በመሐዲ መድፍ ተመትታ ሰጠመች። ወንዙ መጉደል ጀምሯል፤ መርከቦቹም ከዳርቻ መድፎች የሚሸሹበት ስፋት እየጠበበ ሄዷል።

ዲሴምበር 14 ቀን ጎርደን የማስታወሻውን የመጨረሻ ገጽ ጻፈ። ከ200 ሰው የበለጠ አልጠይቅም፣ በ10 ቀን ውስጥ ካልደረሱ ግን ከተማዋ ልትወድቅ ትችላለች የሚል ነው መልእክቱ። ማስታወሻውን የያዘችው ቦርዴን በማግስቱ ተነስታ ቁልቁል ወረደች። ከሄደች በኋላ ካርቱም ሲነጋ ሲመሽ ዓይኗን ወደ ሰሜን ጥላ የምትጠብቀው የዚህችኑ መርከብ ጢስ ነበር።

የእንግሊዝ በረሃ አቋራጭ ጦር ጃንዋሪ 17 ቀን 1885 አቡ ክሌዓ ላይ፣ ጃንዋሪ 19 ቀን ደግሞ አቡ ክሩ ላይ ከባድ ውጊያ አድርጎ ወደ ናይል ወጣ። አዛዡ ጄኔራል ኸርበርት ስቱዋርት (በሄበህ ከተገደለው ኮሎኔል ስቱዋርት የተለየ ሰው ነው) በጽኑ ስለ ቆሰለ ኃላፊነቱ በስለላ ሥራ እንጂ በጦር አዛዥነት ባልታወቀው በዊልሰን ላይ ወደቀ። ጃንዋሪ 21 ቀን አራት መርከቦች፣ ቦርዴን፣ ታላሃዊያ፣ ሳፊያና ተውፊቂያ፣ ከጦሩ ጋር ተገናኙ። በመርከቦቹ ላይ የነበሩት ሱዳናውያን ወታደሮች ከሻይጊያ ጎሳ ከሆነው አለቃቸው ከኸሽም አል ሙስ ጋር ሆነው ጦሩን ሲያገኙ እንዴት እንደ ፈነጠዙ እማኞች ጽፈዋል። ዊልሰን ግን የተነሳው በ24ኛው ቀን ጠዋት ነው። ሁለት ቀን በቅኝትና በሞተር ጥገና አለፈ፤ በእንግሊዝ አገር ለብዙ ዓመት የተከራከሩበትም በእነዚህ ቀናት ላይ ነው።

ጎርደን አስቀድሞ የላከው ምክር ነበረው፤ ግብፃውያን ወታደሮችን ከመርከቦቹ እንዲያወርዱ፣ የሚመጡት እንግሊዛውያንም ሕዝቡ እንዲያውቃቸው ቀይ ኮት እንዲለብሱ። ስለዚህ ከሮያል ሰሴክስ ሬጅመንት የተመረጡ 20 ወታደሮች ቀይ ኮት ተበድረው ለብሰው በሁለት መርከቦች ተከፈሉ፤ ዊልሰንና ኸሽም አል ሙስ በቦርዴን፣ ስቱዋርት ወርትሊ የተባለው ሌላ እንግሊዛዊ መኮንን በታላሃዊያ ሆኑ። የቀረው ተዋጊ ሁሉ ሱዳናዊ ነው። ታላሃዊያ ለካርቱም የሚሆን ማሽላ የጫነ ጀልባ ትጎትት ነበር።

ከመተማ ካርቱም በመስመር ቢለካ ሩቅ አይደለም። የእንፋሎት መርከብ ግን ማገዶ ይጠይቃል፤ በዳርቻውም የተዘጋጀ እንጨት የለም። ስለዚህ መርከቦቹ በየጊዜው እየቆሙ ወታደሮቹ ወደ ዳርቻ ይወርዱና ገበሬዎች እርሻቸውን የሚያጠጡባቸውን፣ በበሬ የሚዞሩትን ሳቂያ የሚባሉ የውሃ መቅጃ ጎማዎች አፈራርሰው ይጭኑ ነበር። የአንድ ሳቂያ እንጨት ለአንድ ገበሬ ቤተሰብ የዓመት እህል ማለት ነው። ከማን ወገን እንደሚቆም ገና ያልወሰነ ባላገር የመስኖ ጎማው በምድጃ ሲነድ እያየ ለጎርደን ሰዎች ምን ዓይነት ስሜት ሊኖረው እንደሚችል መገመት አያስቸግርም፤ የዊልሰን ዘገባ ግን ይህን እንደ ተራ የማገዶ ለቀማ አልፎት ይሄዳል።

በ25ኛው ቀን ማምሻውን ቦርዴን በስድስተኛው ካታራክት፣ ሸብሉካ ከሚባለው ጠባብ ገደል በታች፣ ዐለት ላይ ወጣች። የማግስቱ ቀን አብዛኛው እሷን በማላቀቅ አለፈ። በዚያው ቀን፣ ጃንዋሪ 26፣ ገና ጎህ ሳይቀድ ካርቱም ወድቃ ነበር። የካርቱም የአፈር ግንብና ቦይ በነጭ ዓባይ በኩል ያለው ጫፉ በክረምቱ ሙላት ተሸርሽሯል፤ ወንዙ ሞልቶ ሳለ ራሱ ውሃው በር ጠባቂ ነበር፤ ሲሸሽ ግን በግንቡ ጫፍና በወንዙ መካከል የሚራመዱበት ጭቃማ መሬት ወጣ። የመሐዲ ሠራዊት የገባው በዚያ በኩል ነው። ቦርዴንን ዐለት ላይ ያስቀመጠውና የካርቱምን በር የከፈተው አንድ የውሃ ጉድለት ነው፤ በመስከረም ቢሆን ኖሮ ዐለቱም በግንቡ ጫፍ ያለው መሬትም ከውሃ በታች በሆኑ ነበር። ዊልሰን ሁለት ቀን ቀድሞ ቢነሳ ኖሮ የሚለው ክርክር መርከቦቹን በጥር ናይል ላይ እንደ ፈለጉ የሚሄዱ አድርጎ ያስባል።

ጃንዋሪ 28 ቀን ሁለቱ መርከቦች ሐልፋያን አልፈው ወደ ቱቲ ደሴት ተጠጉ። ከኦምዱርማን፣ ከደሴቲቱና ከካርቱም በኩል የመድፍና የጠመንጃ ተኩስ ዘነበባቸው። በመነጽር የሚያየው ሁሉ የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ በመንግሥት ቤቱ ጣሪያ ላይ የነበረውን ባንዲራ። ባንዲራው አልነበረም። ከከተማዋ በታች ባለው አሸዋ ላይ ደግሞ የመሐዲን ዓርማ የያዘ ብዙ ሰው ተሰልፏል። ዊልሰን መርከቦቹ እንዲዞሩ አዘዘ። ካርቱም ውስጥ ሚስትና ልጅ የነበራቸው ሱዳናውያን ተኳሾች፣ እስከዚያች ሰዓት ድረስ በደስታ ሲተኩሱ የቆዩት፣ ባሉበት ተቀመጡ።

መልሱ ከሄዱበት የከፋ ሆነ። ጃንዋሪ 29 ቀን ታላሃዊያ ከዐለት ጋር ተጋጭታ ሰጠመች፤ ሰው ግን አልሞተም። ጃንዋሪ 31 ቀን ቦርዴን ራሷ ቀዳዳ ወጣባትና እንዳትሰጥም መርናት ከሚባል ደሴት አጠገብ አሸዋ ላይ አወጧት። ሬይሶቹ ሆን ብለው ነው የሚል ጥርጣሬ በመኮንኖቹ ዘንድ ነበር። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ጌታቸው እንደ ወደቀ ያወቁ ሰዎች ናቸውና። ይሁን እንጂ በዚያ ወር በዚያ ገደል ውስጥ መርከብን ዐለት ላይ ለማውጣት ክህደት አያስፈልግም።

ስቱዋርት ወርትሊ በሌሊት በትንሽ ጀልባ የጠላትን ምሽግ ሾልኮ አልፎ ወሬውን አደረሰ፤ የባሕር ኃይል መኮንኑ ሎርድ ቻርልስ ቤሬስፎርድም ባሕርተኞቹንና ጋርድነር የተባሉትን መትረየሶች በሳፊያ ጭኖ ለማዳን ተነሳ። ፌብሩዋሪ 3 ቀን ዋድ ሐበሺ ከሚባለው ምሽግ ፊት ስታልፍ አንድ የመድፍ ጥይት ያንን ከወለል በላይ ብቅ ያለ ቦይለር በሳው። እንፋሎቱ ፈነዳ፤ እሳት አንዳጆቹ ተቃጠሉ፤ መርከቧም ከምሽጉ ብዙ ሳትርቅ ቆመች። ዋናው መሐንዲስ ሄንሪ ቤንቦ ከሰዓት በፊት ጀምሮ እስከ ማታ፣ 10 ሰዓት ያህል፣ ከላይ መትረየሱ እየጮኸ ከታች በእጁ ሠራ። ከብረት ዝርግ ልጥፍ ቆርጦ በሳ፤ ብሎኖቹንም ራሱ አወጣ። ብሎኖቹን ከውስጥ በኩል የሚይዝ ሰው ያስፈልግ ስለ ነበር ቦይለሩን በቀዝቃዛ ውሃ አብርደው፣ አንድ ጥቁር ልጅ ሰውነቱን በሞራ ቀብተው በጠባቡ ቀዳዳ አስገቡት። ገና የሚፋጅ ብረት ውስጥ ገብቶ ሥራውን ጨረሰ። የረዳት ጦሩ ዋና አዛዥ ጄኔራል ዎልስሊ ለቤንቦ የራሱን የሲጋራ መያዣ ሸለመው፤ የልጁን ስም ግን አላገኘሁም። በማግስቱ ንጋት ሳፊያ እንፋሎት አንስታ ዊልሰንንና ሰዎቹን አነሳች።

የእንግሊዝ ጦር ፌብሩዋሪ 14 ቀን በመተማ አጠገብ ያለውን ሰፈሩን ጉባትን ለቆ ሲሄድ የሳፊያንና የተውፊቂያን ሞተር ከጥቅም ውጭ አደረገ። ለመኮንኖቹ ታሪኩ በዚህ አበቃ። ለመርከቦቹ ግን ገና 13 ዓመት ይቀራቸዋል። ቅድም ያነሳኋቸው የካርቱም አንጥረኞችና ሞተረኞች አሁን አሠሪያቸው የመሐዲ ተተኪ ኸሊፋ አብዱላሂ ሆነና ቦርዴንን ከአሸዋው አላቅቀው፣ የሌሎቹንም ሞተር ጠግነው እንደገና ወንዙ ላይ አዋሏቸው። ያለ አዲስ መለዋወጫ፣ ከአውሮፓ ምንም ሳይገባላቸው ነው ይህን የሠሩት። በ1888 ዑመር ሷሊህ በሦስት መርከቦች ወደ ደቡብ ዘምቶ፣ ሱድ የሚባለውን የደንገል ረግረግ አልፎ በኦክቶበር ላዶ ደረሰ፤ የኢኳቶሪያ ገዥ የነበረው የኤሚን ፓሻ ሥልጣንም ያኔ ተናግቶ ነበር። በእኔ ግምት የእነዚህ መርከቦች ታላቁ የቴክኒክ ገድል ከቤንቦ ልጥፍ ይልቅ ይህ የ13 ዓመት ጥገና ነው፤ ሽልማትና ዘገባ ስላልነበረው ብቻ ተዘነጋ።

ኪችነር በ1896 የግብፅ ጦር አዛዥ ሆኖ ሱዳንን ለማስመለስ ሲመለስ የእንግሊዝ መንግሥት የ1885ቱን ትምህርት አልረሳም። አዲሶቹ ጀልባዎች ከመነሻው ለጦርነትና ለናይል ታስበው የተሠሩ ናቸው። የ1896ቶቹ ከኋላቸው ባለ አንድ ትልቅ ጎማ የሚነዱ፣ ወደ 1 ሜትር ያህል ውሃ ብቻ የሚፈልጉ ነበሩ። በ1898 የደረሱት ሱልጣን፣ ሼክና መሊክ ደግሞ 60 ሳንቲ ሜትር በሚሆን ውሃ ላይ መሄድ ይችላሉ፤ ክፍልፋያቸው በበረሃው ባቡር ተጭኖ ከካታራክቶቹ በላይ አባዲያ ላይ ተገጣጠመ። ማለትም ወንዙን ከመለማመጥ ይልቅ ዞረውት ሄዱ። ኸሊፋው እነዚህን ለመመከት አሮጌ ቦይለሮችን በባሩድ ሞልቶ በወንዙ ውስጥ ሊያጠምድ ሞከረ፤ ሲጠመድ ከፈነዳው አንዱ የጎርደን መርከብ የነበረችውን ኢስማኢሊያን አጠፋ። ሴፕቴምበር 2 ቀን 1898 ኦምዱርማን ስትወድቅ ቦርዴን ከተያዙት መካከል ነበረች፤ እንደገናም ለግብፅ መንግሥት አገልግሎት ተመለሰች።

ሁለቱ እህቶቿ በዚያን ሰሞን ርቀው ነበር። ሳፊያና ተውፊቂያ ነጭ ዓባይን ሽቅብ ወጥተው ኦገስት 25 ቀን ፋሾዳ ላይ የሰፈረውን የፈረንሳዩን የማርሻን ቡድን ገጥመው ተመልሰዋል። ተውፊቂያ ሴፕቴምበር 7 ቀን ስለ ውድቀቱ ሳትሰማ ኦምዱርማን ስትገባ ተማረከች፤ ከጎኗ የተነቀሉት ጥይቶችም የአውሮፓ ጠመንጃ ጥይቶች ሆነው ተገኙ። የፋሾዳን ወሬ ለኪችነር ያደረሰችው በዚህ መልክ አንዲት የቆሰለች የወንዝ መርከብ ናት። ሽቅብ ሲጓዝ ሴፕቴምበር 15 ቀን ሬንክ ላይ ሳፊያን አገኛት፤ ሱልጣን በመድፍ መታቻት።

ከሁለት ወር ከግማሽ በፊት፣ በጁን 1898፣ የደጃዝማች ተሰማ ናደው ጦር ከጎሬ ወርዶ ሶባትና ነጭ ዓባይ ከሚገናኙበት ደርሶ ነበር። አንዲት ጀልባ እንኳ አልነበራቸውም፤ ከእነሱ ጋር የነበረው የሩሲያው ኮሎኔል አርታሞኖቭ ለባንዲራው ሲል ዋኝቶ ነው ወንዙን የተሻገረው። ወባውና የስንቅ እጥረቱ ስለ በረታ ጦሩ ተመለሰ፤ ማርሻን ከሁለት ሳምንት ጥቂት አለፍ ብሎ ፋሾዳ ገባ። በዲሴምበር ፋሾዳን ሲለቅ በፌደርብ፣ ማለትም ክፍልፋይዋን ከኮንጎ በኩል አሸክሞ ባመጣት ትንሽ የእንፋሎት ጀልባ፣ ሶባትንና ባሮን ሽቅብ ወጣ፤ ወንዙ እምቢ ሲለው ትቷት በጎሬና በአዲስ አበባ አድርጎ ጅቡቲ ወረደ። በ1902 በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መካከል በተደረገው ስምምነት ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተፈቀደ። ከካርቱም የሚነሱ የእንፋሎት መርከቦችም ጋምቤላ ድረስ እየመጡ ቡና ጭነው ይመለሱ ጀመር፤ ይኸውም በክረምቱ ወራት ብቻ ነበር።